ኩርንችቱ እዚህም አለ

ኬፕ ታውን፣ ጥር 14

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬና አባዬስ እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከጓደኛህ ጋር ለኬፕ ኤፒክ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ ሁለት ሁለት ሆነው ለሚወዳደሩበት የተራራ ብስክሌት ውድድር፣ መመዝገባችሁን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። «ምን ዓይነት ቸርኬ ልግዛ?» ላልከኝ፣ ያለህ ይበቃሃል። በዚህ ውድድር ብዙ ሰው የሚወድቀው ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ በሠራው ወይም ሳይሠራ በተወው ነገር ነው። ስምንት ቀን ነው፤ አንድ አጭር መክፈቻና ሰባት ረጃጅም ቀናት። መንገዱ በየዓመቱ ቢቀያየርም አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 700 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ዳገቱ ሲደመር ብዙውን ጊዜ ከ15,000 ሜትር ያልፋል። አንድ ቀን ያጠፋኸው ጥፋት በማግስቱ ከነወለዱ ይመጣብሃል።

አንተ የአስፋልት ልጅ ስለሆንክ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ጥለህ መሄድ ያምርሃል። እዚህ አይሠራም። ሁለታችሁ አንድ ቡድን ናችሁ፣ በመካከላችሁ ከሁለት ደቂቃ በላይ ርቀት ከተፈጠረ ቅጣት አለው። ስለዚህ ዳገት ላይ ደካማው ፍጥነቱን ይወስን፣ ሜዳና ንፋስ ላይ ጠንካራው ከፊት ይሁን፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መስመር መምረጥ የሚችለው ይምራ። መፍቻውንና ትርፍ ውሃውን የሚሸከመው ጠንካራው ነው። ጠንካራው ማን እንደሆነ ሳትኮራረፉ አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ አምስተኛው ቀን ላይ ለመነጋገር አንደበት አይኖራችሁም። ሌላው የሚያታልልህ አየሩ ነው። ከአዲስ አበባ ከፍታ ወርደህ አብዛኛውን ከ1,000 ሜትር በታች ስትነዳ ሳንባህ የተከፈተ ይመስልሃል። እግርህ ግን ያው የድሮው እግር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከጓደኛህ ጋር እያወራህ መውጣት በምትችልበት ልክ ብቻ ንዳ።

አሁን ወደ ጎማ። በልጅነታችን ባዶ እግራችንን የሚወጋን ኩርንችት እዚህም አለ፤ ያው ራሱ ተክል ነው፣ በአፍሪካንስ ቋንቋ ዱቨልኪ ይሉታል። ቱብለስ፣ ማለትም ውስጡ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ የግድ ነው። በ29 ኢንች፣ 2.35 ስፋት ጎማ በእያንዳንዱ ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን 120 ሚሊ ሊትር ማሸጊያ ፈሳሽ አድርግ፤ በሙቀት ስለሚደርቅ ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው አዲስ ይጨመርበት። ለአንተ ክብደት፣ 65 ኪሎ ገደማ፣ የፊቱን 20፣ የኋላውን 23 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሙላ። እንደ አስፋልት ጎማ ካጠነከርከው ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ እጅህንም ያደነዝዘዋል። ከዚያ በታች ካወረድከው ደግሞ ቸርኬው ድንጋይ ይመታና ጎማው በሁለት በኩል ይሰነጠቃል።

እሾህ ሲወጋህ መንገድ ላይ አትንቀለው፤ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ከነቀልከው ቀዳዳውን ወደ መሬት አዙረህ ፈሳሹ እንዲጠራቀምበት ትንሽ ጠብቅ። ትልቅ ቀዳዳ ከሆነ የጎማ ትል የምንላትን ማጣበቂያ ክር አስገባ። ያም እምቢ ካለ ከመነዳሪ ታስገባለህ፤ ግን ልብ በል፣ ጎማው ውስጥ ሃያ ሠላሳ እሾህ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። ውስጡን ዙሪያውን በጨርቅ ዳብሰህ አንድ በአንድ ካልነቀልክ አዲሱ ከመነዳሪ መቶ ሜትር አይወስድህም።

ቀኑን ስትጨርስ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከብስክሌቱ እንደወረድክ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብላ፤ ሩዝ ወይም ድንች ወይም ዳቦ፣ በኪሎህ ልክ አንድ ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት። ከዚያ ብስክሌቱ ይታጠብ። ኃይለኛ ውሃ ወደ ኩሽኔታዎቹ አትርጭ፣ አሸዋውን ይዞ ይገባል። ሰንሰለቱን አድርቀህ በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ዘይት አድርግ፣ ሌሊቱን ይስረግ፣ ጠዋት ትርፉን ጥረግ። ያልተጠረገ ዘይት አቧራ ሰብስቦ እንደ ሞረድ ይሆናል። የፍሬን ሸራ ከብረቱ በላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከቀረው ሳትሳሳ ቀይረው። ዝናብና አሸዋ ከተገናኙ ለስላሳው ሸራ በአንድ ቀን ሊያልቅ ስለሚችል ሁለት ጥንድ የብረት ሸራ ያዝ። ከፔዳሉ ጋር የሚገጥመውን የጫማህን ሥር ብረት ብሎኖች በየማታው አጥብቅ፤ ከላሉ እግርህ ይዞራል እንጂ ከፔዳሉ አይወጣም፣ ቆመህ ትወድቃለህ። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የተሰቀለባት ቁራጭ ብረት ሆን ተብላ እንድትሰበር የተሠራች ናት፤ ለብስክሌትህ ሞዴል የምትሆነውን ከዚያው ሁለት ይዘህ ና፣ ሁሉም ሱቅ ሁሉንም ዓይነት የለውም።

ከዚያ ገላህ። የላብ ሱሪህን ለብሰህ አትቀመጥ። ኮርቻ የሚያርፍበት ቦታ በሳሙና ይታጠብ፣ ፈጽሞ ይድረቅ፣ ጠዋት ቅባት ይደረግበት። ቢያንስ አራት ሱሪ ያስፈልግሃል። እዚያ ቦታ የምትወጣ ትንሽ ብጉር ሦስተኛው ቀን ላይ ከማንኛውም ዳገት ትብሳለች።

ምግብ ላይ እማዬ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ውድድሩ መጋቢት ውስጥ ስለሆነ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ከሥጋና ከወተት መከልከሉ አይጎዳህም፤ ሰዓት መጾሙ ግን አይሆንም፣ ስለዚህ የንስሐ አባትህን አስቀድመህ አማክር። እየነዳህ በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ሆድህ ከለመደ እስከ 90 ያስፈልግሃል። ውድ ዱቄት መግዛት የለብህም። በ750 ሚሊ ሊትር ውሃ አምስት ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሎሚ ጨምር፤ ይህ የአንድ ሰዓት መጠጥህ ነው። በሶውን ከውድድር በኋላ አድርገው። አሠሩ ብዙ ስለሆነ እየነዳህ ሆድ ይነፋል፤ ማታ ማታ ሽሮም እንደዚያው። ሙቀቱ 35 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው ፈርቶ ባዶ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል፤ የደም ጨው ይቀንስና ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል። ሌላው ደግሞ ጉልበቱን ሲያመው ኢቡፕሮፌን ይውጣል። ውሃ ባጠረው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳልና እንዳትነካው።

ስታሽግ፦ ቸርኬውን ካወጣህ በኋላ በፍሬን ሸራዎቹ መካከል ካርቶን አጥፈህ ሸጉጥ፣ አለዚያ አንድ ሰው የፍሬኑን እጀታ ከጨበጠው ሸራዎቹ ይገጥማሉ። ማርሽ መቀየሪያውን ፈተህ በጨርቅ ጠቅልል። የግራው ፔዳል የሚፈታው ወደ ቀኝ በማዞር ነው፣ እንዳትታገለው። ጎማ መሙያ የጋዝ ካርትሪጅ አትያዝ፣ አውሮፕላን ላይ ሊያስጥሉህ ይችላሉ፤ እዚህ ትገዛለህ። ማሸጊያ ፈሳሹንም እኔ ገዝቼ አቆይልሃለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። የበረራ ቁጥርህን ላክልኝ።

ታላቅ ወንድምህ