ከዲቃላ ቡና ላይ ዘር አይለቀምም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ምርጥ ዘር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ከጅማ ጥቂት ለመጨመር ወደድሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን አጥቁሮ የሚያደርቀው የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ ተመራማሪዎች መፍትሔውን የፈለጉት ከገዛ ቡናችን ነበር፤ በታመመው ቡና መካከል ሳይነኩ የቆሙትን እናት ዛፎች ለይተው፣ ልጆቻቸውን እዚህ ጅማ በሚገኘው በመልኮ የምርምር ጣቢያ ፈትነው፣ ዛሬ በየጓሯችን ያሉትን 74110 እና 74112 የተባሉትን ዝርያዎች አበረከቱልን። አረቢካ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚያፈራ ከእነዚህ የተለቀመ ዘር እናቱን ይመስላል።

እንደ አባቡና ያለው፣ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘው ዲቃላ ግን ብርታቱ በመጀመሪያው ትውልድ ላይ ነው፤ ዘሩ ተመልሶ ሲዘራ የወላጆቹ ጠባይ ይበታተናል። እኔም ይህን ሳላውቅ ከአንድ ችግኝ ሻጭ «የዲቃላ ልጅ ነው» የተባለውን ገዝቼ ተከልሁ፤ በአራተኛው ዓመት፣ በአንድ መስመር ላይ፣ አንዱ ዛፍ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ሲያፈራ የአጠገቡ ፍሬው ጠቁሮ ደረቀ።

ስለዚህ ችግኝ የሚሸጡ ሁሉ የዝርያውን ስምና ዘሩ የተለቀመበትን ቦታ በጽሑፍ እንዲሰጡ የሚመለከተው አካል፣ የክረምቱ ተከላ ሳይጀመር፣ እንዲያስገድድልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የቡና ገበሬ፣ ጅማ