ስለ ረቡዕ ትኬታችሁ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ
መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ረቡዕ በዚያ ሐሩር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አዳራሻችን መጥታችሁ፣ ሲግነስ ኤክስኤል የተባለው የጭነት መንኮራኩር በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲያዝ በቀጥታ ሥርጭት ሳታዩ ተመልሳችኋል። ይቅርታ። ብር ከመመለስ ይልቅ ትኬቱን ለሐሙስ ያሻገርነው ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አለብን፤ በር ላይ «አጭበርባሪዎች» መባላችን አልወጣልንም።

ሲግነስ ኤክስኤል እሑድ ለሰኞ አጥቢያ በፋልከን 9 ሮኬት ከፍሎሪዳ ሲነሣ 5 ቶን ያህል ጭነት ይዞ ነበር፤ ሰው የለበትም። ሮኬቱ እስከ ጣቢያው አያደርሰውም፤ ዝቅ ያለ ምህዋር ላይ ይለቀዋል። ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በ92 ደቂቃ ምድርን ይዞራል። ዝቅ ያለው ስለሚፈጥን ከኋላ ይደርስበታል፤ ከፍታውንም በየተራ በሞተሩ ይጨምራል። ማክሰኞ ታዲያ ለዚሁ ሲቀጣጠል፣ ዋናው ሞተር ሁለቴ ከታቀደው ቀድሞ ጠፋ። በኋላ እንደታወቀው ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለ፣ ጥንቃቄ የበዛበት ማስጠንቀቂያ ነው ያስቆመው። ደንገጎ ዳገት ላይ እንደቆመ ሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ አይገባም፤ አንዱ ግፊት ካጠረ የሚቀጥሉት ሁሉ እንደ አዲስ ይሰላሉ። ረቡዕ ያልደረሰው ለዚህ ነው።

«የድሮ ቪዲዮ ብትከፍቱ ማን ያውቅባችኋል?» ያላችሁን በጣም አዝነንባችኋል። ቀጥታ ብለን ሸጠን የተቀዳ አናሳይም። ይህን ብናደርግ ኖሮ አዳራሹ እስካሁን አይቆይም ነበር።

ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ24 ላይ ተያዘ። የመጣችሁ አይታችኋል፦ መንኮራኩሩ ከጣቢያው ሥር 10 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ቆሞ፣ ጠፈርተኛው ጆኒ ኪም 17.6 ሜትር በሚረዝመው የጣቢያው የሮቦት ክንድ፣ በካናዳአርም 2፣ ያዘው። አንድ ልጅ «ለምን አይንቀሳቀስም?» አለ። ሁለቱም በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ነው፤ እኩል ስለሚሄዱ ነው የቆሙ የሚመስለው። ሲግነስ እንደ ሩሲያው የጭነት መንኮራኩር እንደ ፕሮግረስ በራሱ አይገጥምም። በክንዱ ተጎትቶ ዩኒቲ የሚባለው ክፍል ላይ ይደረግና በ16 ብሎን ይታሰራል፤ ከዚያ አየር አለማፍሰሱ ሳይፈተሽ በሩ አይከፈትም። ከልክ በላይ ፈጥኖ መጠጋት ምን እንደሚያመጣ በ1997 እ.ኤ.አ. ታይቷል፤ አንድ ፕሮግረስ በእጅ እየተመራ ሲጠጋ ሚር ከተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ጋር ተጋጭቶ ስፔክትር የተባለውን ክፍል ቀደደው። አንድ ቀን መዘግየቱ ከዚህ አይሻልም?

ለጄኔሬተሩ ረቡዕም ሐሙስም ናፍጣ ገዝተናል፣ ኢንተርኔቱንም ሁለቴ ከፍለናል። የናፍጣን ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሐሙስ ግን ከማንም ሳንቲም አልጨመርንም። የረቡዕን ትኬት ብር ብንመልስ የዚህን ወር ኪራይ አንችልም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ሐሙስ በሥራ ምክንያት ያልመጣችሁ ትኬታችሁ ይሠራል። በጥቅምት አዲሱ የጃፓን የጭነት መንኮራኩር እንደሚመጥቅ ተነግሯል፤ እሱም በዚያው ክንድ ነው የሚያዘው። ከእንግዲህ ቀን ቆርጠን አንሸጥም፤ ሰዓቱን ከዋዜማው ማታ በቴሌግራም እናሳውቃለን። በር ላይ ትኬታችሁን የቀደዳችሁም፣ ቁራጩን ይዛችሁ ኑ፤ እንቀበላለን።

አክባሪያችሁ
የአዳራሹ ባለቤት