«አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አትበያቸው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እዚህ ደሴ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ነው የዋለው። እናትሽ ጋቢ ደርባ ቡና እያፈላች ነው። ሰላም በልልኝ ብላለች።

ትምህርት ቤታችሁ የልጆች መዘምራን ልታቋቁሚ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። «ድምፀ መረዋዎቹን መርጬ ልጀምር» ያልሽው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ነግሬሽ አላውቅም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች ቀን መዝሙር እንለማመድ ነበር። አንድ መምህር ጆሮውን እያስጠጋ በየተራ ሲያዳምጠን እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አለኝ። በዓሉ ዕለት አያትሽ ከፊት ተቀምጣ ስታጨበጭብልኝ፣ እኔ አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። ክራር የያዝኩትም ለዚህ ነው። አንቺን እሹሩሩ የምልሽ እንኳ በሩን ዘግቼ ነበር።

አሁን ሳስበው ጥፋቱ የኔ ብቻ አልነበረም። መምህሩ ዜማውን የሚያወጣው በራሱ ወፍራም ድምፅ ነው። አንዳንድ ልጅ ደግሞ የትልቅ ወንድ ድምፅ ሲሰማ እዚያው ታች ወርዶ ሊይዘው ይሞክርና ያጉረመርማል። አንቺ ቀጠን አድርገሽ አውጪላቸው። ሲጮኹም ጎበዞች አትበያቸው። ጎኑ ያለውን ጓደኛውን የማይሰማ ልጅ ጮኋል ማለት ነው።

ደግሞ ከአምባሰል ቅኝት አትጀምሪ። ወሎዬ አባትሽ ይህን ማለቱ ይገርምሽ ይሆናል። አምባሰል ውስጥ ግን ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በጣም የተቀራረቡ ድምፆች፣ አለ፤ ለጀማሪ ይከብዳል። ትዝታ ሜጀር ይሻላል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲና አስተማሪ ዞልታን ኮዳይም ለትንንሽ ልጆች የመረጠው እንዲህ ግማሽ ድምፅ የሌላቸውን ዜማዎች ነው። በሱ ዘዴ እጅ ከድምፁ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ልጁ ዜማውን በዓይኑም ያየዋል። ቤቱ አምባሰል ሲሰማ ያደገ ልጅ ካገኘሽ ደግሞ፣ እሱ ያስተምርሽ።

ማውጣትና መቀበል አዲስ አይሆንባቸውም። መንዙማ ሲሰማ ያደገውም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄደውም ያውቀዋል። ድምፁ ያልቀናውን ከተቀባዮቹ መሀል አቁሚው እንጂ ዳር አታድርጊው። ጆሮው የሚቀናው እዚያ ነው።

ወላጆች «መዝሙር ሒሳብ ያስረሳል» ቢሉሽ አብሽሪ። አንቺም «ጭንቅላት ይከፍታል» ብለሽ አታጋኚ። ግሌን ሸለንበርግ የተባለ የካናዳ ተመራማሪ 144 የስድስት ዓመት ልጆችን ይዞ ባደረገው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ኪቦርድ ወይም መዝፈን የተማሩት በአእምሮ ብቃት ፈተና ድራማ ከተማሩትና ምንም ካልተማሩት በለጡ። ብልጫው ግን ትንሽ ነው። ከሰው ጋር በመግባባት የተሻሻሉት ደግሞ ድራማ የተማሩት ነበሩ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች አብረው የሚዘምሩ ወጣቶችን የልብ ምት ለኩ። አብሮ ይፈጥናል፣ አብሮ ይዘገያል። ምክንያቱ አተነፋፈሳቸው ነው፤ ስንኙ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ላይ አየር ይስባሉ። እኔ ያኔ አፌን ብቻ ሳንቀሳቅስ ትንፋሼ እንኳ ከነሱ ጋር አልነበረም።

ቅዳሜ ልምምድ ካላችሁ ክራሬን ይዤ እወርዳለሁ። ከተቀባዮቹ ጋር ልቁም?

አባትሽ