ጉርድ ፎቶ ላሳደጋት ልጄ

ውድ ልጄ፣

ከሐዋሳ የላክሻቸውን አርባ ፎቶዎች ትናንት ማታ ከእናትሽ ጋር አየናቸው። እናትሽ ጀምበሯ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ያነሳሻትን ሦስት ጊዜ ተመልሳ አየቻት። እኔም ወድጃታለሁ። ኢንተርኔት ላይ ልሽጣቸው ካልሽ ግን፣ የድሮ ፎቶ አንሺ ነኝና የምለው አለኝ።

ደሴ ፒያሳ የነበረውን ፎቶ ቤታችንን ታስታውሺያለሽ። መስታወቱ ላይ የምሰቅለው ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ ፀጉሯን ያጎፈረች ቆንጆ ነበር። ሰው ቆሞ ያያል፣ ያደንቃል፣ ይሄዳል። ኪራዩን የከፈለልኝ፣ ላንቺም ዩኒፎርም የገዛልሽ ጉርድ ፎቶ ነው። ማንም አያደንቀውም፤ ሁሉም ይፈልገዋል። ሹተርስቶክና አዶቢ ስቶክ የሚባሉት የፎቶ መሸጫ ድረ ገጾች ላይም ነገሩ ያው ነው። እዚያ ፎቶ የሚገዛው ሰው ሳሎኑ ውስጥ ሊሰቅለው አይደለም። ስለ ምግብ ዋጋ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ነው፣ ብሮሹር የሚሠራ ዲዛይነር ነው። የጀምበር ፎቶ ሞልቶ ተርፎታል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ቆሮሶ የሚበልት እጅ ግን ስንት ሰው አንስቷል? ባጃጅ ነጂ መልስ ሲቆጥር፣ ነርስ ጓንት ስታጠልቅ፣ ተማሪ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲያነብ። እነዚህን አንሺ። ጎኑ ላይ ባዶ ቦታ ተይ፤ ዲዛይነሩ ጽሑፉን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው።

ዓሣ ሻጩ ልጅ ያለበትን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ አየሁት። ቅርፊቱ ጣቱ ላይ ተጣብቆ ያብረቀርቃል፤ ግሩም ነው። ቲሸርቱ ላይ ግን የእግር ኳስ ክለብ ዓርማ አለ። ለማስታወቂያ በሚሸጥ ፎቶ ላይ እንዲህ ያለ ዓርማ ከታየ ይመልሱብሻል። አንቺም ከመላክሽ በፊት እንዲሁ እያጎላሽ እዪ፤ ስልክ ላይ ጥርት ያለው እዚያ ሲታይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

የሰው ፊት ካለበት ደግሞ ያ ሰው ፎቶው እንዲሸጥ የፈቀደበት ፊርማ ያስፈልጋል። ሞዴል ሪሊዝ ይሉታል። ይህን ነገር እንደ ቢሮክራሲ አትዪው። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ አንስቼ፣ ፎቶዋ ስላማረኝ ሳልጠይቃት መስታወቱ ላይ ሰቀልኳት። በሳምንቱ ወንድሟ መጣ። አልጮኸም። «እህቴን ለማን ነው የምታሳያት?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ፎቶውን ከነኔጌቲቩ ሰጠሁት፣ የከፈለችውንም መለስኩለት። ያኔ እንኳ የሚያያት የፒያሳ መንገደኛ ብቻ ነበር። ዓሣ ሻጩ ፊቱ የት የት ሊወጣ እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ንገሪው። ዕድሜው ካልደረሰ ወላጁ ይፈርም።

ደመራ ላይ ያለውን ሕዝብ ሁሉ ማስፈረም አይቻልም፤ አይጠበቅብሽምም። ያ ሹተርስቶክ ላይ ኤዲቶሪያል ተብሎ ለዜናና ለመሳሰለው ብቻ ይሸጣል፣ ቦታና ቀን ይጻፍበታል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጊው። በኛ ዓመት ከጻፍሽው ትኩሱ ፎቶሽ ሰባት ዓመት አርጅቶ ቁጭ ይላል።

ገዢው ፎቶሽን ፈልጎ በሚያገኝበት ቁልፍ ቃል ላይ አትስነፊ። ኦስሎ የተቀመጠ ገዢ «ጀበና» የሚለውን ከየት ያውቀዋል? «የሸክላ ቡና ማፍያ» ብሎ በእንግሊዝኛ ነው የሚፈልገው። ሁለቱንም ጻፊ። አዶቢ እስከ 49 ቃል ይቀበላል፤ ዋናዎቹን ከፊት አስቀድሚ።

ገንዘቡን ስነግርሽ አትደንግጪ። አዶቢ ለፎቶ ከሽያጩ 33 በመቶ ይሰጣል። ሹተርስቶክ እንደ ሽያጭሽ ብዛት ከ15 እስከ 40 በመቶ ነው፤ ጃንዋሪ ሲገባ ግን ሁሉንም ከታች ያስጀምራል። አንዷ ፎቶ ብዙ ጊዜ የምታስገባው ሳንቲም ነው። በእርሳስ አሰላሁት፤ አንዱ ሽያጭ 33 የአሜሪካ ሳንቲም ቢያስገባልሽ 25 ዶላር ለመሙላት 76 ጊዜ መሸጥ አለብሽ። አዶቢ ከ25 ዶላር በታች አውጥቶ አይከፍልም። አሜሪካ ከኛ ጋር የታክስ ስምምነት ስለሌላት እዚያ ከተሸጠው ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል። ዶላሩ በምን በኩል እጅሽ እንደሚገባም ከወዲሁ ባንክሽን ጠይቂ። እና ሥራሽን እንዳትለቂ! ሹተርስቶክን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረተው ጆን ኦሪንገር እንኳ የጀመረው ራሱ ባነሳቸው 30,000 ገደማ ፎቶዎች ነው። አንቺ ገና አርባ ፎቶ ላይ ነሽ። በሳምንት አሥር አሥር ጨምሪ።

ለፋሲካ መጥተሽ እናትሽ ቡና ስትቆላ ያነሳሻት ፎቶ ግን ትሸጣለች። ጭሱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ፊርማ ስጠይቃት «ለልጄ ደግሞ ምን ፊርማ አለው?» ብላ ሳቀችብኝ። ኋላ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አስነብባኝ ፈረመች። ነጠላዋን ሳታስተካክል ያነሳሻቸውን ሁለቱን ግን አጥፊያቸው ብላለች።

አባትሽ