መኪናውን ከመግዛቴ በፊት

ውድ ወንድሜ፣

ለአንተና ለቤተሰብህ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ዝምታዬ እንደረዘመ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ልደርድር ብል እኔም አልጨርሰው፣ አንተም አታምነኝ፤ ስለዚህ ይቅርታህን በጅምላ ጠይቄ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዩን ከአንተ በቀር የማማክረው ሰው የለኝም።

ባለቤቴና ልጆቼ ተማክረው መኪና እንድገዛ ወስነውብኛል። ሻጩ ዘመድ ነው፣ መኪናውም ያገለገለ ቢሆን ደህና ነው ይላሉ። ለዚህ ሁሉ ያበቃቸው፣ እኔ የዕረፍት ቀን ባገኘሁ ቁጥር ከአርባ ምንጭ መናኸሪያ በቅጥቅጥ ተሳፍሬ ወደ ጨንቻ መውጣቴ ነው። «በዚህ ዕድሜህ ከዶሮና ከጆንያ ጋር ተጋፍተህ ምን ልትሆን ነው?» ይሉኛል። አንዴ አፕል ልገዛ ነው፣ አንዴ የታመመ ልጠይቅ ነው እያልኩ አመልጣለሁ። ለአንተ ግን ልናዘዝ፤ ጨንቻ አንዳች ጉዳይ የለኝም። የምሄደው ለመንገዱ ነው። እንደደረስኩ አንድ ሻይ ጠጥቼ በሚመለሰው መኪና እወርዳለሁ።

መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ሆኖም ስንት ነገር በውስጡ እንዳለ ተማሪ ሳለን ያስተዋልን አይመስለኝም። ርቀቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች አጭር ርቀት ግን ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥተን 2,700 ሜትር አካባቢ እንደርሳለን። ስንነሣ ሙቀቱ ያጥናል፣ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፣ በግራና በቀኝ የሙዝ እርሻ ነው። ዳገቱ ሲጀምር ሾፌሩ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ይመልሳል፣ ሞተሩ ማቃሰት ይጀምራል፣ ከዚያም መስኮቶቹ ማንም ሳያዝ ከኋላ ወደ ፊት አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ባለፈው አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጋቢያቸውን አጣጥፈው መቀመጫ አድርገውት ነበር፤ እኩሌታው ላይ ስንደርስ ሳይነሡ ከሥራቸው ጎትተው አወጡትና ዘርግተው ለበሱት፣ ጫፉንም ሳልጠይቃቸው በጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እንሰቱና ቀርከሃው የሚጀምረውም በዚያው ግድም ነው። ፖርቶመጋላው ወደ ላይ ሙዝ ጭኖ ይወጣል፣ ወደ ታች የጨንቻን አፕል ጭኖ ይወርዳል።

ሐይቁን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ። «የሐይቁ ወገን የእኔ ነው» እየተባባልን የተጣላነው በከንቱ ነበር፤ ጠመዝማዛው አባያን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ መስኮት ስለሚያሳይ የትኛውም ወንበር አያስቀናም። ከፍ ባልን ቁጥር ወንዞች በሚያመጡት ደለል የቀላው አባያ ይሰፋል፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ደግሞ ሁለቱን ሐይቆች ከሚለየው ኮረብታ፣ ከእግዜር ድልድይ ወዲያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ጫሞ ብቅ ይላል። የቅጥቅጥ ወንበር ከፍ ያለ በመሆኑ ከመንገዱ ዳር ባለው ቁጥቋጦ አናት ላይ አሻግረህ ታያለህ። በቤት መኪና ዝቅ ብለህ ተቀምጠህ የምታየው ቁጥቋጦውን ብቻ ነው፤ ያውም ተሳፋሪ ከሆንክ። መሪውን የያዘ ሰው የሚያየው የሚቀጥለውን ኩርባ ነው።

አንተን የፈለግሁህም ለዚህ ነው። መኪና ከገዛህ በኋላ ደብረ ብርሃን ደርሰህ የተመለስክ ጊዜ በስልክ የነገርከኝን ልብ ብዬ ሰምቼ ነበር፤ ስለ ነዳጅና ስለ ጎማ አወራኸኝ፣ ስለ አገሩ ግን አንድ ቃል አልወጣህም። ያን ጊዜ በሆዴ ስቄብሃለሁ። አሁን ግን ከልቤ እጠይቅሃለሁ፤ መሪ ከጨበጥክ ወዲህ ተራራ አይተህ ታውቃለህን?

ባለቤቴ አልተሳሳተችም፣ ይህንንም ልሸሽገው አልፈልግም። ቅጥቅጡ እስኪሞላ ድረስ የሚያስጠብቀው ጊዜ ሰው ያሰለቻል፤ በገበያ ቀን ትርፍ ሲጫን ጉልበቴን የማደርግበት አጣለሁ። ባለፈው ክረምት ጉም ወርዶ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳ ነበር፤ ረዳቱም ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ በእጁ ያመላክተው ነበር። ይህን ለእርሷ አልነገርኳትም፤ ስትደውልላት እንዳያመልጥህ።

ሌላም ነገር አለ፤ እንዴት እንደምጽፈው ግን ቸገረኝ። ቤት ውስጥ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የጣሪያው ጥገና፣ የእህቴ ልጅ ሥራ ፍለጋ፣ ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ማንም ምንም አይጠብቅብኝም፤ ሌላ ሰው ይነዳል፣ ሌላ ሰው ሒሳብ ይሰበስባል፣ የእኔ ድርሻ መስኮት ላይ መደገፍ ነው። መኪናውን የገዛሁ ዕለት በዚያ መንገድ ላይም ኃላፊው እኔው ልሆን ነው። ዘመድ አዝማድ «እግረ መንገድህን አድርሰኝ» ማለቱም አይቀርም። ይህን ሳነበው ትንሽ አሳፈረኝ፤ አንተም አንብበህ እለፈው።

ለማንኛውም ከመወሰኔ በፊት መጥተህ አብረን እንውጣ። የምትነዳት መኪናህን አዲስ አበባ ተዋት፤ ይዘሃት ከመጣህም እኛ ግቢ ታድራለች እንጂ ዳገቱን አትወጣም። ሰኞ ወይም ሐሙስ ብናደርገው የዶርዜ ገበያ ስለሚቆም መንገድ ላይ እንወርዳለን፤ ከሽሮ ሜዳ እየገዛህ «የዶርዜ ነው» የምትልበትን ጋቢም ከሸማኔው እጅ ትገዛለህ። በቀርከሃ የተሠሩትን ረጃጅም ቤቶችም ታያቸዋለህ። ምስጥ ሥራቸውን ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም በዕድሜው ልክ እያጠረ ይሄዳል፤ ባለፈው የላክኸውን ፎቶግራፍ ባየሁ ጊዜ፣ ይቅር በለኝና፣ ትዝ ያሉኝ እነዚያ ቤቶች ናቸው።

ከዶርዜ ሌላ መኪና ይዘን ጨንቻ እንገባለን። ስንመለስ «ግዛ» ካልከኝ እገዛለሁ፣ ክርክርም አላነሣም። መልስህን ግን አታዘግየው፤ ሻጩ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ።

ወንድምህ