ብረቱን አምጡልን፣ ብየዳውን ልጆቹ ይሠሩታል

ሰላም የሀገራችን ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? "ደግሞ መጡ" እንደምትሉ እናውቃለን። እኛም የኮሚቴው ሰዎች መለመን ሰልችቶናል።

ነገሩ ይኼ ነው። የትምህርት ቤታችን የብየዳ ወርክሾፕ ጣሪያ ክረምት ላይ ወርዷል። ምስጥ ውስጥ ውስጡን የበላው የባሕር ዛፍ እንጨት በረዶ የተከመረበትን ቆርቆሮ መሸከም አቅቶት ሌሊት ተደረመሰ። ሌሊት መሆኑ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን።

"ያኔ የሰጠነው ብር የት ገባ?" የሚል አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ከስፌት ማሽን እስከ ሶኬት ተነቅሎ መወሰዱን ታስታውሳላችሁ። ባዋጣችሁት ማሽኖች ተገዙ፣ የመብራት መስመሩ እንደገና ተዘረጋ፣ ግድግዳው ተለሰነ። ጣሪያው ላይ ስንደርስ ብሩ አለቀና አሮጌውን እንጨት ተውነው። ይኼ የእኛ ጥፋት ነው። ደረሰኙ ግን አንድም አልጎደለም፣ መጥታችሁ አገላብጡት። ኮሚቴው በላ የሚባለው ሻይ ከሆነ፣ እሱንም የከፈልነው ከኪሳችን ነው።

"ተማሪው ጥቂት ነው፣ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ሄደው ይማሩ" የሚሉም አሉ። የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? አብዛኞቹ ሰኞ ጠዋት እንጀራና ቆሎ ተሸክመው ከገጠር የሚመጡ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረው ወዴት ይሂድ? እኛ ዘንድ መልሱ ይታወቃል፤ ደላላ፣ ጅቡቲ፣ የመን፣ ሳዑዲ። እዚያ ያላችሁ እህቶቻችን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ብየዳ የያዘ ልጅ ግን በርና መስኮት እየሠራም ቢሆን እናቱ ደጅ ያድራል።

አሁን የሚማሩት ሸራ ወጥረን ነው። ዝናብ ሲመጣ ማሽኑ ይጠፋል፣ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ መበየድ ሞት ነውና። ደብተር ላይ ሲጽፉ ይውላሉ። ሲኦሲው፣ የሙያ ብቃት ምዘናው ማለት ነው፣ ደግሞ እጅንም ይፈትናል።

ስለዚህ እንጨት አንደግምም። የምንፈልገው ብረት፣ ቆርቆሮና የመበየጃ ኤሌክትሮድ ነው። ለብየዳ ጉልበት ሳንቲም አናወጣም፣ ልጆቹ ከመምህራቸው ጋር ሆነው ራሳቸው ይበይዱታል። እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ተግባር ልምምድ ከየት ይመጣል?

ለለቅሶ ሲሆን ቅሬው (እድሩ) በአንድ ጥሪ ይሰበሰባል። ለዚህም ይሰብሰብ። ሙስሊሙ ሰደቀቱል ጃሪያ (ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት) ብሎ፣ ክርስቲያኑ ከአሥራቱ ቀንሶ ይስጥ። ብር ያጠረው አንድ ቆርቆሮ ያምጣ፣ እሱም ካቃተው አንድ ፓኮ ኤሌክትሮድ።

ገንዘብ የምታስገቡት ንግድ ባንክ፣ በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፣ በየቅሬው ጸሐፊ እጅም አለ። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። ደግመን እንናገር፣ ሂሳቡ በትምህርት ቤቱ ስም ነው፣ በሰው ስም አይደለም። ደውሎ "በእኔ ቴሌብር አስገቡ" የሚል ካለ የእኛ ሰው አይደለም። ጥሬ ብር የምትሰጡ ደግሞ ደረሰኝ ሳይቆረጥላችሁ እንዳትሰጡ። ለእኔም ቢሆን።