ቅያሶቹስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቅርቡ ያወጣችኋቸውን፣ በኮሪደር ልማቱ የታደሰውን የአዲስ አበባውን ካዛንቺስ የሚያሳዩ ፎቶዎች አይቼ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። አላማረም ብል ውሸት ይሆንብኛል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ብስክሌትም የራሱን መሥመር አግኝቷል፣ የማታው መብራት ቀን አስመስሎታል። እኔ ግን 31 ዓመት ኖሬበት በ2017 የተነሣሁ ሰው ነኝና ዓይኔ የፈለገው ቅያሶቹን ነው።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉ ቤቶች ነው። እኛ የነበርንበት ግን ጭቃ ቤት ነበር፤ ስድስት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት። እሱን ማንም አይናፍቅም። የሚናፍቀኝ በራፉ ነው። ጎረቤቴ ቅያሱ ላይ ባለው ደጃፏ ሽንኩርትና ቃሪያ እየመደበች አራት ልጆች አሳድጋለች። የሱቅ ኪራይ የለባት፣ የታክሲ የለባት፤ ወደ ታክሲ የሚያቋርጥ ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። በአዋጅ 47/1967 ከተወረሱት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ ስለምትኖር ስትነሣ ምትክ ቤት አገኘች። የተቆጠረላት ግን ቤቱ እንጂ በራፉ አልነበረም። አሁን ቧንቧውም ሽንት ቤቱም የግሏ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ቃሪያ የሚገዛ ግን አልተገኘም።

እስካሁን ያማረው የመንገዱ ዳር ነው። ጭንቀቴ ከጀርባው ያለው መሬት ነው። ሰፊው ቦታ ሳይሸነሸን ለአንድ አልሚ በሊዝ ከተላለፈ ይታጠራል፤ ድሮ በሁለት ደቂቃ ያቋረጥነውን ዞረን እንሄዳለን። ፎቁ ሥር ሱቅ ይኖራል ቢባልም ለእሷ ዓይነቱ አይደርስም። በኮንዶሚኒየም አይተነዋል፤ የምድር ቤት ሱቆቹ በጨረታ ስለሚሸጡ ብር ያለው ይወስዳቸዋል፣ ባለጉሊቷ አስፋልት ዳር ትቀመጣለች፣ ከዚያ ከደንብ አስከባሪ ጋር ድብብቆሽ ነው።

ፕላን የምትነድፉ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ መሬቱ ከመተላለፉ በፊት ቅያሶቹን ካርታው ላይ አስምሩልን። መኪና ባይገባባቸውም ግድ የለም፣ እንዲያውም ባይገባ ይሻላል። ከየሕንፃው ምድር ቤት ጥቂቱ ደግሞ በሁለት በሁለት ካሬ ተከፍሎ ከጨረታ ውጭ በኪራይ ይሰጥ፤ መጀመሪያ ከዚያው ለተነሡት።

ፎቶ አንሺያችሁም ሌላ ቀን ሲሄድ ከዋናው መንገድ ሃምሳ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ያንሣልን።

ከካዛንቺስ የተነሣሁ አንባቢያችሁ